ከመሀል አዲስ አበባ ተነስቶ እንጦጦን፣ የረርንና ወጨጫን በእግር መውጣት፦ ዝርዝር መመሪያ

አዲስ አበባ ዙሪያዋን በተራራ የተከበበች ከተማ ናት። በሰሜን እንጦጦ አለ፣ ከፍታው 3,200 ሜትር ገደማ። በምሥራቅ የረር፣ 3,100 ገደማ። በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ 2,839። በምዕራብ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው ወጨጫ፣ 3,391 ሜትር። ሁሉም ጠዋት ከፒያሳ ወይም ከሜክሲኮ ተነስቶ ማታ ቤት መግባት የሚቻልባቸው ናቸው። እዚህ የምናሳየው ወጨጫን በደህና ወጥቶ ለመውረድ እንዴት እንደሚዘጋጁ ነው፤ እንጦጦና የረር ለዚያ መለማመጃ ይሆናሉ።

ወጨጫ ላይ ሰው የሚቸገረው በአብዛኛው አርፍዶ በመነሳቱ ነው። እንደልቡ የሚሮጥ ወጣት እንኳ መውጫው ከሚጀምርበት ከመናገሻ ሱባ ደን በር 4 ሰዓት ላይ ከተነሳ፣ 8 ሰዓት ላይ ጫፉ አካባቢ ዝናብ ይይዘዋል። ከዚያ የሚቀረው በጭቃ ላይ ቁልቁለት፣ ጉምና ጨለማ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ሁሉ ከሰዓት ይጀምራል። (እዚህ ያለው ሰዓት በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። የስልክ የአየር ትንበያ ግን አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጅ ስለሚያሳይ፣ 14:00 ካለ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለቱ ነው። በዚህ ብቻ ቀኑን አዛብቶ የሚያቅድ ሰው አለ።)

መቼ ይወጣል

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከሁሉም የተሻለ ነው። መሬቱ ደርቋል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ከጫፍ ላይ ሩቅ ያሳያል። ኅዳርና ታኅሣሥ ንጋት ላይ ውርጭ አለና ጓንትና ኮፍያ አይቅር። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ያለ ቀጠሮ ይመጣል፤ ማለዳ የጠራ ሰማይ ከሰዓት በኋላ ዋስትና አይሆንም። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ወጨጫን ተዉት። መንገዱ ይጨቀያል፣ ጉሙ ሳይገፈፍ ይውላል፣ መብረቁም ከባድ ነው። በክረምት እግር ማፍታታት ለሚፈልግ የእንጦጦ አስፋልት ይበቃዋል።

ጾም የሚጾም ሰው ቀኑን አስቀድሞ ያስብበት። እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉና ሳይጠጡ 900 ሜትር መውጣት አደገኛ ነው። ቅዳሜና እሑድ፣ ከቅዳም ሹር በቀር፣ በዐቢይ ጾምም ቢሆን እስከ 9 ሰዓት ስለማይጾም፣ የጾም ምግብ ይዞ መውጣት ይቻላል። ረመዳን የያዘ ሰው ደግሞ ከዒድ በኋላ ቢያደርገው ይሻላል።

ሰውነትን ማዘጋጀት

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ነዋሪዋ ከፍታውን ለምዶታል። ወጨጫ ጫፍ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፤ ከተማዋ ላይ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ልዩነቱ ትንፋሽ ያሳጥራል እንጂ ጤነኛን ሰው በአንድ ቀን አይጥልም። ከድሬዳዋ፣ ከጋምቤላ ወይም ከአፋር ትናንት የገባ እንግዳ ግን ሌላ ነው። ቢያንስ ሦስት ቀን ከተማ ውስጥ ይቆይ፣ መጀመሪያም እንጦጦን ይሞክር።

ለልምምድ ጂም አያስፈልግም። ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ የሚወጣው የቸርችል ጎዳና አቀበት በቂ ነው። ቦርሳችሁ ውስጥ ሦስት ባለ ሁለት ሊትር የውኃ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ ማለትም 6 ኪሎ ይዛችሁ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ወጥታችሁ ውረዱ። ይህን ለሦስት ሳምንት አድርጉ። መውረዱን አትዝለሉ፤ በማግሥቱ ጭንን የሚያሳምመው ቁልቁለቱ ነውና ጡንቻው የሚለምደው በመውረድ ብቻ ነው። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው በደረጃው ያንኑ ማድረግ ይችላል።

የእርምጃችሁን ልክ በንግግር መዝኑት። አቀበት ላይ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ቡድኑ የሚሄደው በመጨረሻው ሰው ፍጥነት ነው፤ ደካማው ፊት ይሁን፣ ጠንካራው ከኋላ ይዝጋ።

ጫማ፣ ልብስ፣ ቦርሳ

ከጫማ ውስጥ ዋናው ሶሉ ነው። ጥርሱ ጥልቅና የተራራቀ ይሁን። ጥርሱ ያለቀ ሸራ ጫማ በደረቅ አስፋልት ላይ ደህና ይመስላል፤ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል የረገጠ ዕለት ግን ያንሸራትታል። ቁጥሩን የምትለኩት ከሰዓት በኋላ፣ እግር ሲያብጥ፣ ወፍራም ካልሲ አድርጋችሁ ነው። ጣትና የጫማ አፍንጫ መካከል የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይኑር። አዲስ ጫማ ገዝቶ በማግሥቱ ወጨጫ መሄድ ተረከዝን ማስላጥ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሥራ ቦታ ይደረግ።

ከመውጣታችሁ ሁለት ቀን በፊት የእግር ጥፍራችሁን ቁረጡ። ረጅም ጥፍር ቁልቁለት ላይ ከጫማው ጋር እየተጋጨ ይጠቁራል። ተረከዝና ትንሿን ጣት ቫዝሊን ቀቡ። አንድ ቦታ መሞቅ ሲጀምር እዚያው ቁጭ ብላችሁ ፕላስተር ለጥፉ። ውኃ ከቋጠረ በኋላ ያው ፕላስተር እምብዛም አይረዳም።

ሱሪው ረጅም ይሁን፤ ደኑ ውስጥ ሳማና ቀጋ አለ። ጂንስ አይሆንም፣ ከረጠበ ይከብዳል፣ አይደርቅም። ከላይ ስስ ልብስ፣ በላዩ ሹራብ፣ በላዩ ንፋስና ዝናብ የማያሳልፍ ጃኬት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ወጨጫ ጫፍ ከመሀል ከተማው 6 ዲግሪ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ንፋሱ ሲጨመርና ላብ ያራሰው ካናቴራ ገላ ላይ ሲቀር ይንቀጠቀጣሉ። መቀየሪያ ካናቴራ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙና ጫፍ ላይ እንደደረሳችሁ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት ቀይሩ። ቦርሳውን ከውስጥ በትልቅ ፌስታል አልብሱት፤ የቦርሳ ዚፕ ሁሉ ዝናብ ያስገባል።

የቀሩት፦ የእጅ ባትሪ (የስልክ መብራት አይቆጠርም፣ ስልኩ ለመደወል ይፈለጋል)፣ ፓወርባንክ፣ ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ፣ ፕላስተርና ፋሻ፣ መታወቂያ፣ በዝርዝር የተመነዘረ ብር። ዱላ ደግሞ ለጉልበት ትልቅ ረዳት ነው፤ ሽሮ ሜዳ መንገድ ዳር የሚሸጠው ተራ ዱላ እስከ ብብት ከደረሰ ይበቃል።

ውኃና ስንቅ

ለእንጦጦ በነፍስ ወከፍ 2 ሊትር፣ ለየረርና ለወጨጫ 3 ሊትር። መንገድ ላይ ምንጭ እናገኛለን ብላችሁ አትቀንሱ።  ውኃውን በየ20 ደቂቃው ሦስት አራት ጉንጭ ጠጡ። ጥም እስኪሰማ የጠበቀ ሰው ዘግይቷል። ከሦስቱ ሊትር አንዱ ውስጥ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ መበጥበጥ የእግር መሸማቀቅን ይቀንሳል።

ለተራራ ከበሶ የሚሻል ስንቅ አናውቅም። ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ቶሎ ጉልበት ይሆናል። የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ግማሹን በውኃ ሙሉ፣ ወረቀት ጠቅልላችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ በማድረግ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ በሶ ጨምሩ፣ ትንሽ ጨውና ስኳር አክሉ፣ በደንብ መትታችሁ ቀሪውን ውኃ ሙሉ። በሶውን አስቀድማችሁ ከጨመራችሁ ታች ተጣብቆ ይቀራል፣ ምንም ብትመቱት አይለቅም። ለፍስክ ቀን ጭኮ ያዙ። ለግማሽ ኪሎ በሶ ሩብ ኪሎ ያህል ንጥር ቅቤ አድርጋችሁ አሹትና በጉርሻ ልክ ድብልብል አድርጋችሁ በወረቀት ጠቅልሉት። ብርድ ላይ ስለሚጠነክር በጃኬት የውስጥ ኪስ ይያዝ። ከዚያ በላይ ቆሎ፣ ቴምር፣ ሁለት ሙዝ፣ ዳቦ። ሻይ ከፈለጋችሁ በፔርሙዝ ከቤት ይምጣ፤ ተራራ ላይ እሳት አይነድድም።

ምሳ ጫፍ ላይ ጠግቦ መብላት ስህተት ነው። ደም ወደ ሆድ ይሄዳል፣ እግር ይከብዳል፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ገና ነው። በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ብሉና ዋናውን ምግብ ከወረዳችሁ በኋላ አድርጉት።

አንደኛ፦ እንጦጦ

ከአራት ኪሎ ወይም ከፒያሳ በታክሲ ሽሮ ሜዳ፤ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሽሮ ሜዳ መሆን አለባችሁ። ከዚያ አስፋልቱን ይዞ እስከ እንጦጦ ማርያም በእግር አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። አሯሯጣቸው የሚያስቀና አትሌቶች በዚያ ሰዓት ስለሚለማመዱ የመንገዱን ዳር ያዙ። መኪና የሚመጣበትን አቅጣጫ ፊት ለፊት እያያችሁ፣ በግራ በኩል ሂዱ።

ማገዶ የተሸከሙ እናቶች ከላይ ሲወርዱ መንገዱን ሙሉ በሙሉ ልቀቁላቸው። ሸክሙ ከጀርባቸው ግራና ቀኝ ይወጣል፣ ቁልቁለት ላይ እንደልብ መቆም አይችሉም። የተጫነ አህያ ሲመጣም በተራራው በኩል ቁሙ እንጂ በገደሉ በኩል አትቁሙ፤ ጭነቱ ገፍቶ የሚጥለው በገደሉ በኩል የቆመውን ነው።

እንጦጦ ማርያም ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ለመሳለም የሚገባ ጫማውን ያወልቃል፤ ለሴቶች ነጠላ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ከዚያ በተራራው ሸንተረር ላይ ቅዱስ ራጉኤልን አይቶ፣ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ በተሠሩት መንገዶች መመለስ ይቻላል። ሸንተረሩ የውኃ መከፋፈያ ነው፦ ወደ ከተማው የሚወርደው ዝናብ ወደ አዋሽ ይሄዳል፣ ወደ ሱሉልታ የሚወርደው ወደ ዓባይ። ጉም ቢጥል ይህ ይጠቅማችኋል። ከተማው ሁልጊዜ በደቡብ ነው፤ በስልካችሁ ኮምፓስ ወደ ሰሜን አቅጣጫ ቁልቁል እየወረዳችሁ ከሆነ በተሳሳተው ወገብ ላይ ናችሁ።

ከፓርኩና ከአስፋልቱ ውጭ ባለው የባሕር ዛፍ ደን ውስጥ ብቻችሁን አትግቡ። ዘረፋ የሚያጋጥመው እዚያ ነው። ቢያንስ አራት ሆናችሁ ሂዱ፣ ከ11 ሰዓት በፊትም ውረዱ፤ ከመሸ በኋላ ጅብ አለ። አንቴናና ጥበቃ ያለበትን ግቢ ፎቶ አታንሱ።

መነሻና መድረሻ ሰዓታችሁን ጻፉ። ከሽሮ ሜዳ ማርያም ድረስ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ከወሰደባችሁ ወጨጫን በሁለት ሳምንት አዘግዩት።

ሁለተኛ፦ የረር

ስለ የረር አጭር ነው። ከመገናኛ ወደ ቦሌ አራብሳ በሚሄደው ታክሲ ተጉዞ፣ ከዚያ በገጠሩ መንገድ ወደ ተራራው ነው። እግሩ ሥር ያለው እርሻ ስለሆነ ጥላ የለም፣ ፀሐዩ ይከብዳል፤ ባርኔጣ እዚህ ግዴታ ነው። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ፣ መሄድ ይመረጣል። ሰብል ባለበት ጊዜ በማሳ መሀል አቋርጦ መሄድ ነውርም ጉዳትም ነው። ከአካባቢው ሰው አንዱን በክፍያ መሪ አድርጉ። የቤት ውሾች ከሩቅ ይመጣሉ፤ አትሩጡ፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ እንደማንሳት ማለት አብዛኞቹን ይመልሳቸዋል።

ሦስተኛ፦ ወጨጫ

የምትነሱት ከሜክሲኮ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ሌሊት ላይ በጦር ኃይሎችና በአየር ጤና በኩል ወደ ሰበታ። ከሰበታ ወደ መናገሻ ሱባ ደን የሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ነው፤ መኪና ቀድማችሁ ኮንትራት ካልያዛችሁ ጠዋት በመፈለግ አንድ ሰዓት ይባክናል። ከዝናብ ማግሥት ዝቅ ያለች የቤት መኪና አትመከርም። አሽከርካሪውን የመመለሻ ሰዓት ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሩት፣ ስልኩን ያዙ፣ ሙሉ ሒሳቡን ስትመለሱ ስጡት።

ደኑን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው። በሩ ላይ ተመዝግባችሁ፣ መግቢያ ከፍላችሁ፣ መሪ ይዛችሁ ነው የምትገቡት። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ሳምንት የአካባቢውን ጸጥታና ደኑ ለጎብኚ ክፍት መሆኑን አጣሩ፤ ጥርጣሬ ካለ ቀኑን ቀይሩ። አፋን ኦሮሞ የማይችል ሰው ቢያንስ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠትና «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን ይወቅ። መንገድ የሚጠቁማችሁ የአካባቢው ሰው ነው።

በሩ ላይ ስልካችሁ የሚያሳየውን ከፍታ ከ3,391 ቀንሱ። መነሻው 2,500 ቢል 891 ሜትር ትወጣላችሁ። ለዚህ ከፍታ አንድ መደበኛ መንገደኛ በሰዓት 300 ሜትር ሽቅብ ይወጣልና ሦስት ሰዓት፣ ከዕረፍት ጋር ሦስት ሰዓት ተኩል። 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ከተነሳችሁ 6 ሰዓት ሳይሞላ ጫፍ ናችሁ። የመመለሻ ሰዓት 6 ሰዓት ተኩል ነው። የትም ብትሆኑ፣ ጫፉ በዓይን ቢታይም፣ 6 ሰዓት ተኩል ሲሆን ዞራችሁ ትወርዳላችሁ። ይህን ሰዓት ቤት ሆናችሁ ተስማሙበት፤ ተራራ ላይ የሚደረግ ክርክር ሁልጊዜ «ትንሽ ነው የቀረን» በሚለው ወገን ያልቃል።

የመጀመሪያው ክፍል ረጃጅም የጽድ ዛፎች ያሉበት ጥቅጥቅ ደን ነው። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ የሚታዩት እዚህ ነው፣ ማለዳና ዝም ላለ ሰው። ችግሩ መንታ መንገዱ መብዛቱ ነው፤ ከብትና እንጨት ለቃሚ ያወጣው ቅያስ ከዋናው ይልቅ ሰፍቶ ይታያል። በእያንዳንዱ መገንጠያ ዞር ብላችሁ የመጣችሁበትን በኩል ፎቶ አንሱ። ስትመለሱ የምታዩት ያንን ነው፤ ስትወጡ ያያችሁት ገጽታ ስትወርዱ ሌላ ይሆናል። ከቤት ሳትነሱ ኦርጋኒክ ማፕስ በሚባለው የስልክ ካርታ መተግበሪያ ላይ የአካባቢውን ካርታ ጭናችሁ መንገዱን እየመዘገባችሁ ሂዱ። ኔትወርክ ሲጠፋ ስልክ ምልክት እየፈለገ ባትሪ ስለሚጨርስ የበረራ ሞድ ላይ አድርጉት፤ ጂፒኤሱ ያለ ኔትወርክ ይሠራል።

ከፍ ሲባል ኮሶ ይበዛል፣ ከዚያ አስታ። አስታው ከሰው ቁመት በላይ ያደገበት ቦታ መንገዱ ጠባብ ነውና ሁለት ሦስት ሜትር ተራርቃችሁ ሂዱ፤ የፊተኛው የገፋው ቅርንጫፍ የኋለኛውን ዓይን ይመታል። ከአስታው ስትወጡ ጫፍ የሚመስል ጉብታ ታያላችሁ። ጫፉ አይደለም። ትክክለኛው ከኋላው ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ጉልበቱን የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ይጨርሳል።

ጫፍ ላይ 30 ደቂቃ ይበቃል። ደመና ከታች እየወጣ ከሆነ 10። ወጨጫ ሰፊ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ሸለቆዎቹ በየአቅጣጫው ይወርዳሉ፣ በሰሜን በኩል የወረደ ሰው አምቦ መንገድ ላይ ይወጣል፣ መኪናው ግን በደቡብ ነው። ጉም ከጣለ በግምት አትውረዱ። ቆማችሁ የመዘገባችሁትን መንገድ እዩና በዚያው ተመለሱ።

መውረድና አደጋ

ቁልቁለት ላይ የጫማ ማሰሪያችሁን ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ እግር ወደ ፊት እንዳይንሸራተት። እርምጃ አጭር፣ ጉልበት ትንሽ የታጠፈ፣ ክብደታችሁ በእግራችሁ ላይ። የፈራ ሰው ወደ ኋላ ይጋደማል፤ ያኔ ተረከዙ ብቻ መሬት ይነካና ይንሸራተታል። ቀይ አፈር ከረጠበ በመሀል መንገዱ ላይ ከመሄድ ይልቅ ሣሩን ወይም የዛፍ ሥሩ የሌለበትን ዳር ምረጡ፤ እርጥብ ሥር ከጭቃም የከፋ ነው።

መብረቅ ካያችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ይፈጃል። ከ30 በታች ከሆነ ከጫፉና ከሸንተረሩ ወዲያው ውረዱ፣ ተራርቃችሁ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። መውረድ ካልተቻለ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ቦርሳችሁን ረግጣችሁ ቁጢጥ በሉ።

ራስ ምታቱ ውኃ ጠጥቶ ያልተሻለው፣ የሚያስታውክ ወይም እንደሰከረ የሚንገዳገድ ሰው ወዲያው ይውረድ፣ ብቻውንም አይላክ። ቁርጭምጭሚት ከተጠመዘዘ ጫማውን አታውልቁ፤ ካበጠ ተመልሶ አይገባም። በላዩ ፋሻ ጠምጥሙና ዱላ ስጡት። በከተማው በኩል ለአምቡላንስ 907፣ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ለፖሊስ 991 ይደወላል። ደን ውስጥ ግን መጀመሪያ የሚደርስላችሁ የደኑ ጠባቂ ነውና ስልኩን በሩ ላይ ተቀበሉ። ከተማ ለቀረ አንድ ሰው መንገዳችሁንና «እስከ 12 ሰዓት ካልደወልኩ ለእነ እገሌ ደውል» የሚል ቁርጥ ቃል ትታችሁ ሂዱ።

ቤት ስትደርሱ ጫማውን ከጭቃው አጥባችሁ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁበት በጥላ አድርቁት፤ ፀሐይ ላይ ከሰጣችሁት ሶሉ ይላቀቃል። በዚያው ማታ የመዘገባችሁትን ሰዓት አስልታችሁ በሰዓት ስንት ሜትር ሽቅብ እንደወጣችሁ ጻፉ። በባሌ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፣ ራስ ዳሸን 4,550። የእነዚያን የቀን ጉዞ የምታቅዱት በዚህ ቁጥር ነው፤ ከ3,500 ሜትር በላይ ግን ከቁጥሩ ላይ ሲሶውን ቀንሱ።